የተማሪዎች ኳስና የማኅበር ሥልጣን

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የስፖርት ውድድር ለአገሩ ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ መሥሪያ ቤት የለም። በየግዛቱ ትምህርት ቤቶች በፈቃዳቸው የገቡበት ማኅበር አለ፤ የተጫዋቹን ዕድሜ የሚወስነው፥ ትምህርት ቤት የለወጠውን ልጅ ይጫወት ወይም ይቅር ብሎ የሚፈርደው፥ ደንብ ያፈረሰውንም የሚቀጣው ይኸው ማኅበር ነው። በፈቃድ የተገባበት ነው ቢባልም፥ ከእርሱ ውጭ የሆነ ትምህርት ቤት የሚወዳደረው ከማን ጋር ነው? ስለዚህ ይህ ሥልጣን የመንግሥት ነው ወይስ የግል ማኅበር የሚለው ጥያቄ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መንግሥት ሲቀጣ በሕገ መንግሥት ይጠየቃልና፥ የግል ማኅበር ግን በዚህ አይጠየቅም።

ነገሩ በግልጥ የታየው በቴኔሲ ግዛት ነው። የዚያ አገር የትምህርት ቤቶች አትሌቲክስ ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ተመሠረተ። ክርክሩ በተነሣበት ዘመን 290 የመንግሥትና 55 የግል ትምህርት ቤቶች አባሎቹ ነበሩ። ገንዘቡን የሚያገኘው በብዛት ከውድድር መግቢያ ዋጋ ነበር፤ ሠራተኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ባይባሉም በግዛቱ የጡረታ ደንብ ይገቡ ነበር። የግዛቱ የትምህርት ቦርድ በ1972 ዓ.ም. ማኅበሩን የስፖርት ተቆጣጣሪ ብሎ በደንብ ሰይሞት ሳለ፥ በ1996 ዓ.ም. ይህን ቃል ሰረዘው። ቃሉ ተሰረዘ እንጂ ሥራው አልተለወጠም፤ የቦርዱም ሰዎች ድምፅ ባይኖራቸው በማኅበሩ ጉባኤ መቀመጣቸውን አልተዉም።

በ1997 ዓ.ም. ማኅበሩ ብሬንትውድ አካዳሚ የተባለውን የግል ትምህርት ቤት ከሰሰ። የክሱም ዋና ምክንያት አንድ ደብዳቤ ነበረ፤ ይኸውም የኳሱ አሠልጣኝ (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ነው) ለዐሥራ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጽፎ ወደ ጸደይ ልምምድ መጥራቱ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ለመግባት አስቀድመው ተፈራርመው ነበር፤ ነገር ግን ገና ትምህርት አልጀመሩም። ማኅበሩ ይህን ተጫዋች ማባበል ነው ብሎ ትምህርት ቤቱን ለአራት ዓመት በጥበቃ ሥር አደረገው፤ የኳስና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖቹንም ለሁለት ዓመት ከማጣሪያ ውድድር ከለከለ፤ 3,000 ዶላርም አስከፈለ። ለአንድ ደብዳቤ ይህ ቅጣት የከበደ ይመስላል፤ ያን ጊዜም በማኅበሩ ድምፅ ይሰጡ የነበሩት ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሹማምንት ነበሩና፥ የግል ትምህርት ቤቱ ቢጠራጠር አይደንቅም።

ትምህርት ቤቱ የመናገር ነፃነቴ ተነካ ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት አለ። ማኅበሩም እኔ መንግሥት አይደለሁም ሲል መለሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ዓ.ም. በአምስት ድምፅ በአራት ላይ ፈረደ። ዳኛ ሱተር የጻፉት ፍርድ፥ ከአባሎቹ ከመቶው 84ቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሆናቸውን፥ ሥራውንም የሚሠሩት ሹሞቻቸው መሆናቸውን አይቶ፥ ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ስለ ሆነ በሕገ መንግሥት ይጠየቃል አለ። ዳኛ ቶማስና ሦስቱ ባልደረቦቻቸው ግን ይህ የግል ማኅበር ነው ብለው ተለዩ።

የተፈረደው ግን ማኅበሩ ሊጠየቅ ይገባል ተብሎ እንጂ በድሏል ተብሎ አልነበረም። ክርክሩ ከታች ተመልሶ እንደ ገና ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ። በፈቃዱ የገባ አባል ደንቡን ሊጠብቅ ይገባዋል፤ አሠልጣኝ ለትንንሽ ልጆች የሚያቀርበው ማባበያ ልጆቹን ለጉዳት ያጋልጣል፥ ውድድሩን ያዛባል፥ ኳስንም ከትምህርት ያስበልጣል ተባለ። ይህ ምክንያት የሚያስመሰግን ነው። የማኅበሩ ቦርድ በዝግ ሲመክር መርማሪዎቹን ትምህርት ቤቱ በሌለበት መስማቱ ግን የሚያስመሰግነው አይደለም፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ያለፈው ጥፋት ቢሆን እንኳ ውጤቱን አይለውጥም ብሎ ነው።

እንዲህ ሲባል ዐሥር ዓመት አለፈ። ደብዳቤው የተጻፈላቸው ልጆች ከሃያ ዓመት ዕድሜ አልፈው ነበር። የ2001 ዓ.ም. ፍርድ ግን አልተሻረም፤ እንደ ቴኔሲው ያሉ የሌሎች ግዛቶች ማኅበራት ቅጣት በፍርድ ቤት ሲመረመር ይጠቀሳል።