«ቀበልኛ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም»፦ ስለ ፓንጋሲናን የሚወራው

ፊሊፒንስ ውስጥ ከታጋሎግና ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለውን ሁሉ «ዲያሌክቶ» (ቀበልኛ) እያሉ መጥራት የተለመደ ነው። መምህሩም ይለዋል፣ ሹፌሩም ይለዋል፤ የሚያናድደው ግን የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ማለታቸው ነው። በሉዞን ደሴት፣ በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚነገረው ፓንጋሲናን ከሚሊዮን በላይ ተናጋሪ እያለው «የኢሎካኖ ቀበልኛ ነው» ወይም «የተበላሸ ታጋሎግ ነው» ይባላል።

እርግጥ ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ሦስቱም ከኦስትሮኔዥያ ቋንቋዎች ቤተሰብ ናቸው። ጨው በሦስቱም «አሲን» ነው፤ ፓንጋሲናን የሚለው ስምም ጨው የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ውሃ በፓንጋሲናንም በኢሎካኖም «ዳኑም» ነው። ብዙ የፓንጋሲናን ሰው ኢሎካኖንም አቀላጥፎ ስለሚናገር፣ ገበያ ውስጥ ሁለቱን ሲያቀያይር የሰማ መንገደኛ አንድ ቋንቋ ቢመስለው አልፈርድበትም። የምፈርደው መጠየቅ ሲችል ሳይጠይቅ በሚያስተምረው ላይ ነው።

አዲስ ዓመትን እንውሰድ። ታጋሎጉ «ባጎንግ ታኦን»፣ ኢሎካኖው «ባሮ አ ታወን»፣ የፓንጋሲናኑ ሰው «ባሎን ታኦን» ይላል። ሌሊትም እንደዚያው «ጋቢ»፣ «ራቢኢ»፣ «ላቢ» ነው። አንደኛው «ገ» ያለውን ሌላው «ረ»፣ ሦስተኛው «ለ» ይለዋል፤ ይህ ደግሞ በአጋጣሚ ሳይሆን በሥርዓት የሚደጋገም ነው። ከአንድ ጥንታዊ ድምፅ በየፊናቸው የወጡ ወንድማማቾች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ቤት ላይ ሲደርሱማ ይለያያሉ፦ ታጋሎግ «ባሃይ»፣ ኢሎካኖ «ባላይ»፣ ፓንጋሲናን «አቦንግ»። የፓንጋሲናንን የቅርብ ዘመድ የሚፈልግ ከባሕሩ ዳርቻ ወጥቶ ወደ ቤንጌት ተራሮች ይሂድ፤ እዚያ የሚነገረው ኢባሎይ ነው። ሰዋስው የለውም ለሚሉት ደግሞ የቋንቋ አጥኚው ሪቻርድ ቤንተን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ አለላቸው።

የወሬው ጉዳት የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። አባትና እናት በፓንጋሲናን ሲያወሩ ቆይተው ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ታጋሎግ ወይም እንግሊዝኛ ያመጣሉ። ልጁ አያቱን ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በሌላ ቋንቋ ነው። ለምን ሲባሉ «ዲያሌክቶ ምን ይጠቅመዋል? እንግሊዝኛውንም ያበላሽበታል» ይላሉ። በሁለትና በሦስት ቋንቋ ያደገ ልጅ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ በዚያው በፊሊፒንስ እንኳ ስንት አለ! ትምህርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ሲጀምር ፓንጋሲናን ከመጀመሪያዎቹ 12 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በ2024 የወጣው ሕግ ግን ግዴታነቱን አነሳው። የቋንቋው መዳከም ሁሉ የዚህ ወሬ ጥፋት ነው አልልም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ኢሎካኖዎች በብዛት ሰፍረዋል፣ ጋብቻው ተቀላቅሏል፣ ቴሌቪዥኑም በታጋሎግ ነው። ከነዚህ ሁሉ ወላጅ በአንድ ምሽት ሊተወው የሚችለው ግን ወሬውን ብቻ ነው።

የቀሩት ወሬዎች ብዙ አያደክሙም። የፓንጋሲናን ክፍለ ሀገር ሰው ሁሉ ፓንጋሲናን ይናገራል የሚለው ስህተት ነው። በዳጉፓን፣ በሳን ካርሎስና በማላሲኪ ይሰማል፤ ወደ ምሥራቅ ኡርዳኔታ ሲደርሱ ኢሎካኖ ነው፤ በምዕራብ ጫፍ ያለችው ቦሊናኦ ደግሞ የራሷ ሌላ ቋንቋ አላት። በዚሁ ክፍለ ሀገር በቢናሎናን የተወለደው ደራሲ ካርሎስ ቡሎሳን ራሱ ኢሎካኖ ነበር። የጽሑፍ ቅርስ የለውም ለሚሉትም፣ ካታሊኖ ፓሊሶክ እ.ኤ.አ. በ1901 በፓንጋሲናን የሙዚቃ ቴአትር ጽፏል። ዱባይና ቤይሩት ከፊሊፒናውያን ጋር የሠሩ እህቶቻችን «ፊሊፒንኛ» የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ታጋሎግን ነው፤ በአገሪቱ ግን ከ100 በላይ ቋንቋዎች አሉ።

የፓንጋሲናን ነበረች የምትባለው ልዕልት ኡርዱጃስ? ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጣዋሊሲ በምትባል አገር አገኘኋት ያላት ጦረኛ ልዕልት ናት። ጣዋሊሲን ወደ ሰሜን ፊሊፒንስ ካመጧት አንዱ ፊሊፒናዊው ደራሲ ሆሴ ሪዛል ነበር፤ የታሪክ ሰዎች ግን አልተስማሙበትም። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሊንጋየን የእነሱን ስምምነት ሳትጠብቅ የአገረ ገዥውን መኖሪያ በልዕልቲቱ ስም ሰይማዋለች።