በርበራ የገባ ጋዝ በማን ስም ይቆጠራል?

መሐመድ ሞጌ ከሶማሌላንድ ዋና ከተማ ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ ነው። ስሙን የተዋሰው ከመሐመድ ሞጌ ሊባን ነው፤ ዘፋኝ ነበር፣ ኋላ የሶማሊያውን ገዢ ዚያድ ባሬን ሊወጋ ከአማፅያኑ ጋር በረሃ ወርዶ እዚያው ቀረ። በዚህ ወረዳ ያለ የሻይ ቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዙን ቢያቆም ባለቤቱ የሚለው፣ መርካቶ ያለው ባለሱቅ ከሚለው አይለይም፦ “ጋዝ ጨርሷል።” ጠጋኙ ይመጣል፣ ጌጁን ያስራል፣ ከሲሊንደሩ ይሞላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ፍሪጅ ግን ጋዝ አይጨርስም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነገር እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም፤ ካነሰ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላው ደግሞ ከወራት በኋላ አየር ላይ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ከውጭ የሚገባው ጋዝ በብዛት የሚውለው ለዚሁ፣ የሾለከውን ለመተካት ነው።

ዓለም ይህን ጋዝ መቁጠር የጀመረው በሞንትሪያል ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1987 ተፈረመ፣ ከ1989 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የተነሣው የኦዞንን ንጣፍ በሚበሉት ሲኤፍሲዎች ላይ ነበር፤ እነሱ በታዳጊ አገሮችም በ2010 ቆሙ። ቀጥሎ ተራው የአር-22 ዓይነቶቹ ኤችሲኤፍሲዎች ሆነ። ታዳጊ አገሮች ከ2009 እና 2010 አማካይ ፍጆታቸው እስከ 2025 ድረስ 67.5 በመቶውን እንዲቀንሱ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከምትተርፍ ጥቂት በቀር እንዲተዉት ተወሰነ። በ2016 ኪጋሊ ላይ ኤችኤፍሲዎቹም ተጨመሩ። እነዚህ ኦዞንን አይነኩም፤ ምድርን ግን ያሞቃሉ።

እዚህ ላይ “ፍጆታ” የምትለዋ ቃል ልታሳስት ትችላለች። የሻይ ቤቱን ፍሪጅ ሄዶ የሚለካ የለም። በስምምነቱ ቋንቋ ፍጆታ ማለት የተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ተደምሮ፣ ወደ ውጭ የወጣው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ኢትዮጵያም ሶማሊያም ጋዙን አያመርቱም። ስለዚህ የአገሩ ፍጆታ ማለት በአጭሩ በጉምሩክ በር ያለፈው ሲሊንደር ነው። በ1997 የተጨመረው ማሻሻያም ይህንኑ አይቶ፣ እያንዳንዱ አባል አገር የአስመጪና የላኪ ፈቃድ ሥርዓት እንዲዘረጋ አስገደደ። ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የሚመጣው አዲስ ፍሪጅ የያዘው ጋዝ እንኳ በአስመጪው አገር ላይ አይቆጠርም። ማሽኑ ገብቶ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ለመሙያ የሚገዛው ሲሊንደር ግን ይቆጠራል። የሌላ አገር አሮጌ ፍሪጅ በርካሽ ያስገባ፣ የሚጠብቀውን ጋዝ በራሱ ኮታ ላይ ጭኖ ነው የሚያስገባው።

እንግዲህ የሶማሌላንድን ወደብ በርበራን እንይ። ሶማሊያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ2001 ነው፤ በየዓመቱ ናይሮቢ ለሚገኘው የኦዞን ጽሕፈት ቤት የሚላከው አሐዝ የሞቃዲሾ ፊርማ ያለበት ነው። ሶማሌላንድ ደግሞ ነፃነቷን ያወጀችው ግንቦት 1991 ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባል አይደለችም፤ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ጉምሩክ ግን አላት። የበርበራ ቀረጥም የመንግሥቷ ዋና ገቢ ነው። በርበራ የተራገፈውን የጋዝ ሣጥን የሚያየው የሐርጌሳ ሠራተኛ ነው፤ ስለዚያ ሣጥን ለዓለም የሚናገረው ሞቃዲሾ ነው። ሁለቱ መዝገብ ካልተገናኘ፣ መሐመድ ሞጌ ያለው ፍሪጅ የተሞላበት ጋዝ የማንም ፍጆታ አይደለም። ስምምነቱ የተጻፈው መንግሥትና ጉምሩክ አንድ ናቸው ብሎ ነው፤ ክፍተቱ እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

ነገሩ የእኛም ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1994 ነው፤ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃን በአዋጅ ቁጥር 716/2003 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር) ደንግጋለች። ከበርበራ በሐርጌሳ አድርጎ ቶጎ ውጫሌ የሚደርሰው መንገድ ወደ ጅግጅጋ ይቀጥላል። በዚያ መስመር ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ በኮንትሮባንድ ሲገባ ስንሰማ ነው ያደግነው። የተለመደው የጋዝ ሲሊንደር 13.6 ኪሎ ይይዛል፤ ካርቶኑ ከዘይት ጀሪካን ብዙም አይተልቅም፣ ሁለት ሦስቱን ከመቀመጫ ሥር መደበቅ ይቻላል። አር-22 ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,810 እጥፍ ያሞቃል፤ አንዱ ካርቶን ቢተፋ 24 ቶን ተኩል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ እንደመልቀቅ ነው።

በኮንትሮባንድ የገባ ጋዝ ጉዳቱ ቀረጥ በማስቀረት ብቻ የሚያበቃ ይመስላል። አያበቃም። በኪጋሊው ማሻሻያ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ባሉበት ምድብ የእያንዳንዱ አገር ጣሪያ የተሰላው ከ2020 እስከ 2022 ራሱ ካስመዘገበው አማካይ የኤችኤፍሲ ፍጆታ፣ ከቀድሞው የኤችሲኤፍሲ መነሻ 65 በመቶው ተጨምሮበት ነው። ጣሪያው በ2024 ታስሯል፤ በ2029 አሥር በመቶ ይቀነሳል፣ በ2045 ሰማንያ በመቶ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሳይመዘገብ ያለፈ የኤችኤፍሲ ሲሊንደር ለባለቤቱ ትርፍ ሆነ፣ ለአገሩ ግን ጣሪያውን ዝቅ አደረገበት። ያውም ኮሮና ንግዱን ባቀዛቀዘበት ጊዜ።

ተመዝግቦ ቢገባስ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ጠጋኙም ቀራጩም ለረጅም ጊዜ ያመኑት ቀለምን ነበር፤ አር-22 ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ አር-134ኤ ውኃ ሰማያዊ። አምራቾቹ አሁን ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ወደመቀባት ስለሄዱ መለያው በጽሑፉ ላይ ቀርቷል፤ ጽሑፍ ደግሞ ማንም ያትማል። በ2011 አር-134ኤ ተብሎ የተሸጠ ሐሰተኛ ጋዝ ቬትናም ላይ የተሞላላቸው የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሦስት ሰው ሞቷል። የተቀላቀለው አር-40 የተባለ ክሎሪን ያለው ጋዝ ሲሆን፣ ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚነድ ውህድ ይፈጥራል። ቅይጡን የሠሩት ሰዎች ግፊቱን ከእውነተኛው ጋር ስላመሳሰሉት ጌጅ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው አሮጌው ዘዴ ነው፤ ጋዙን በጋለ መዳብ ላይ ወደሚነድ ነበልባል ጠጋ ማድረግ። እውነተኛ አር-134ኤ ክሎሪን ስለሌለው የነበልባሉን ቀለም አይለውጥም፤ ክሎሪን ካለ እሳቱ አረንጓዴ ይሆናል።

አባል አገሮች ጭነት ከመነሣቱ በፊት የሚጠያየቁበት ዘዴም አላቸው። የላኪው አገር የኦዞን ቢሮ ለተቀባዩ አገር ቢሮ ጽፎ “ይህ አስመጪ ፈቃድ አለው?” ይላል፤ መልስ ሳይመጣ ፈቃድ አይሰጥም። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጭነትም አስቁሟል። አሁን ዱባይ ያለ ነጋዴ መድረሻው በርበራ የሆነ አንድ ኮንቴይነር ጋዝ ሊጭን ነው እንበል። ደብዳቤው የሚሄደው ሞቃዲሾ ነው። የአስመጪውን ሱቅ የሚያውቀው፣ ግብሩን የሚሰበስበውና ኮንቴይነሩን ከፍቶ የሚያየው ግን ደብዳቤው አልደረሰውም።