ያውቁ ኖሯል? ነቀምቴ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ትላለች!

ነቀምቴ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው። ባሕር የት፣ ወለጋ የት! ይሁንና ውቅያኖሱን የሚያስሞላውና የሚያጎድለው የጨረቃና የፀሐይ ስበት እርስዎ የቆሙበትንም መሬት ያነሣዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ! ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ሲበረታ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል! ቤቱም፣ ዋርካውም፣ ተራራውም አብሮ ስለሚነሣ ለማንም አይታወቅም።

ዛሬ ጠዋት በ3 ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው በ3 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው! ጨረቃ በየቀኑ ያንኑ ያህል ትዘገያለቻ!

ባሕሩ የሚያብጠው ጨረቃ ባለችበት በኩል ብቻ ይመስልዎታል? በምድር ማዶ፣ ጨረቃ በማትታይበትም በኩል ያብጣል!

ፀሐይ ከጨረቃ 27 ሚሊዮን እጥፍ ትከብዳለች። ባሕርን በማስሞላት ግን የጨረቃን ግማሽ እንኳ አታህልም! ርቀቷ ጉልበቷን በላው።

ሙሉ ጨረቃ ደምቢዶሎን ስታደምቅ በየወደቡ ትልቁ ሙላት ደርሷል ማለት ነው። ጨረቃ ጨርሳ ስትጠፋም እንዲሁ! ግማሽ ስትሆን ሙላቱ ይደክማል።

ዴዴሳ፣ አንገር፣ ዳቡስ፦ የሦስቱም ውኃ ዓባይ ይገባል (አንገር በዴዴሳ በኩል)፤ መንገዳቸውም ወደ ሜዲትራኒያን ነው። የሚገርመው፣ ያ ባሕር በአብዛኛው ዳርቻው ግማሽ ሜትር እንኳ ከፍ አይልም! በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን ውኃው እስከ 16 ሜትር ይነሣል!

በቻይና የቺያንታንግ ወንዝ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው እንደ ግድግዳ ቆሞ ሽቅብ ይገሰግሳል! ዴዴሳ ወደ ኋላ ሲሮጥ ይታይዎት!

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ከባርነት ነጻ የወጡት በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነው፤ ያረፉት ደግሞ በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ። የዚያ የምጽዋ ባሕር ጠባይ ጉድ ነው! ቀይ ባሕር በሰሜን ጫፉ ሲሞላ በደቡብ ይጎድላል! መሐሉ ላይ፣ በፖርት ሱዳን አካባቢ፣ ከቦታው የተነቃነቀ አይመስልም!

አየሩም ይሞላል፣ ይጎድላል! ጊምቢ ላይ ቢሆኑ የአየሩ ግፊት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማም ይደግማል። የዚህኛው ባለቤት ግን የፀሐይ ሙቀት ነው።

የባሕሩ ሙላት ጨረቃን እየገፋ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያርቃታል! ምድርንም ያዘገያታል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ቀን 22 ሰዓት ገደማ ነበር፤ አንድ ዓመት ደግሞ 400 ቀን ያህል!