ከሱብሒ እስከ ሥራ መግቢያ፦ ሩጫና ብስክሌት ለልደታ ነዋሪ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በልደታ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያልፈው ሠራተኛ ስንት እንደሆነ ይገረማል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዱን “ስፖርት ትሠራለህ?” ብንለው መልሱ “ጊዜ የለኝም” ነው። ጊዜው ግን አለ፤ ሰልፉ ላይ እየፈሰሰ ነው።

ሱብሒን በጀመዓ የሚሰግድ ሰው ደግሞ ሌላው የሚመኘውን ሰዓት በእጁ ይዟል። በአዲስ አበባ ከፈጅር መግቢያ እስከ ፀሐይ መውጫ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሥራ በሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ከመስጊድ ወጥቶ ተመልሶ ከመተኛት ይልቅ ጉዞውን ራሱን እንቅስቃሴ ማድረግ ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ገና ጨለማ ሳለ በመኪና መንገድ ዳር አይሮጥም። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኛው እግረኛ ነው። ወገግ እስኪል ዚክር እያደረጉ መቆየት፣ ከዚያም ብርሃን ሲሆን መውጣት ይሻላል።

ልደታ ለዚህ ምቹ ቦታ ነው። ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች የሚጋሩት ሐዲድ ከልደታ ተነስቶ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር አድርጎ እስከ ስታዲየም ይደርሳል። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር 35 ደቂቃ፣ በዝግታ ሩጫ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስለዚህ ለገሃር ወይም ስታዲየም አካባቢ የሚሠራ ሰው በአምስቱ የሥራ ቀናት አንዱን ጉዞ ብቻ በእግሩ ቢሄድ ቁጥሩን ሊሞላ ይችላል። ማታ ሲደክም ባቡሩ አለ። መሥሪያ ቤቱ ርቆ መገናኛ የሆነ ደግሞ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በባቡር ይከፍለዋል።

ብስክሌት ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የሚታወቁት ከተሞች ሜዳ ናቸው፤ አዲስ አበባ ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ፣ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ከልደታ በአብነት አድርጎ ወደ መርካቶ ማለዳ መንዳት ዳገት መውጣት ነው፤ ማታ መመለሻው ግን ቁልቁለት ነው። በዚህ ከፍታ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥር አያስደንግጥ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካለ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት። ወደ ሜክሲኮና ሳር ቤት መሄድ ይልቅ ይቀላል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ ዋና መንገዶች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር አምጥቷል። መስመሩ ባለቀበት ቦታ ግን ወርዶ መግፋት እንጂ ከሚኒባስ ጋር መጋፋት ጀግንነት አይደለም። ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከራስ ላይ የራስ ቁር፣ ጥሩ ፍሬንና ጠንካራ ቁልፍ ግዴታ ናቸው።

“ላብ ሆኜ እንዴት ዙሁር እሰግዳለሁ?” የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ላብ ነጃሳ አይደለም፣ ዉዱእም አያፈርስም። ችግሩ ሽታው ነው፤ አብሮን ሶፍ ላይ የሚቆመውን ወንድማችንን ማስቸገር አይገባም። አንድ ትርፍ ሸሚዝና ትንሽ ፎጣ በቦርሳ ይበቃል። ክረምት ላይ ትርፍ ካልሲ ይጨመር።

ለእህቶቻችን የሚመች ልብስ ሰፊና ቀላል ነው። ብስክሌት ለምትነዳ እህት ግን ሰንሰለቱ መሸፈኛ ያለው ይሁን፤ ረጅም ቀሚስ ጎማና ሰንሰለት ውስጥ ሲገባ ይጥላል። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፋ ሜዳሊያዋን በሒጃብ እንደተቀበለች ያላየ ጥቂት ነው። አሁን የምትወክለው ኔዘርላንድን መሆኑ ያሳዝናል፤ ያም ሆኖ ልጆቻችን ያዩት ምስል አለ።

ቅዳሜና እሑድ ዚያራ ነው። ዘመድ ጥየቃ ወደ አብነት ወይም ጦር ኃይሎች የሚሄድ ቤተሰብ መኪናውን ቤት ያቁም። ቢሾፍቱ የሚወርድ የሩጫ ጫማውን ይያዝ፤ ከእኛ ይልቅ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትንፋሽ ይቀላል። ወደ ላይ የሚመኝ እንጦጦ ፓርክ የሩጫና የብስክሌት መንገድ ያገኛል። ዓላማ ለሚፈልግ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልደታና ስታዲየምን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ የሄደ ርቀቱን አልፎታል።

ረመዷን ላይ ሩጫውን ወደ እርምጃ ዝቅ ማድረግ፣ ለሮጠም ከመግሪብ በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት መሮጥ ይሻላል፤ ወዲያው ይፈጠራልና።

ለመጀመር ግን ጁምዓን አትምረጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ብስክሌት የነዳ ሰው የሰንሰለት ቅባቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ማክሰኞ ይሁን፤ አንድ ቀን፣ አንድ ጉዞ፣ በእግር።