ሳልፕ ምን ትበላለች? ማንስ ያመልጣታል?

ሳልፕ በርሜል መሳይ፣ ውስጧ ወለል ብሎ የሚታይ፣ ዝልግልግ የውቅያኖስ እንስሳ ናት። ያያት ሁሉ ከጄሊፊሽ ወገን ይመድባታል። በዘር ሐረግ ግን የምትቀርበው የጀርባ አጥንት ላላቸው እንስሳት ነው፤ ሰውም ከእነዚያው አንዱ ነው።

መዋኘቷና መብላቷ አይነጣጠሉም። ጡንቻዎቿ ሲላሉ ውሃ በአፏ ይገባል፤ ሲኮማተሩ ደግሞ በኋላዋ ተፈትልኮ እየወጣ ወደ ፊት ይገፋታል። ውሃው ውስጧን አቋርጦ የሚያልፈው ከልጋግ በተሠራ፣ ከረጢት በሚመስል መረብ ውስጥ ነው። የመረቡ ጫፍ ከነምርኮው እየተጠቀለለ ወደ ጉሮሮዋ ሲወርድ በሌላው ጫፍ አዲሱ ይፈተላል። ምግቡንም መረቡንም አብራ ትውጣለች ማለት ነው።

ፔጌያ ኮንፌዴራታ በተባለችው ዝርያ የመረቡ ቀዳዳ 1.4 ማይክሮሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በወንፊት ሒሳብ ከሆነ ከዚያ ያነሰው ሁሉ ሾልኮ መሄድ ነበረበት። ኬሊ ሰዘርላንድ፣ ሎረንስ ማዲንና ሮማን ስቶከር በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን ግማሽ ማይክሮሜትር ብቻ የሆኑ እንክብሎች እንኳ እንደሚያዙ አሳየ። ደቃቁ ነገር በቀዳዳው ሊያልፍ ሲል ክሩን ይነካል፤ ከነካም ይጣበቃል።

ስለዚህ ገበታዋ ሰፊ ነው። ዳያተም ከተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ጀምሮ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እስከሚሠሩት ሲኔኮኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ድረስ ትለቅማለች። ጥቂት ሴንቲሜትር የምትረዝም እንስሳ በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚያንሳትን ስትበላ ማየት በእርግጥ ያስገርማል፤ ክሪልና ኮፔፖድ ለተባሉት ትናንሽ የባሕር እንስሳት ይህ አይሆንላቸውም።

ሁሉም ግን አይያዝም። በ1990 ከሳርጋሶ ባሕር ውሃ በጂናቸው የታወቁት ሳር-11 የሚባሉ ባክቴሪያዎች በውቅያኖስ ከሚንሳፈፉት ሕዋሳት ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። በብዛት ቢሆን ኖሮ ዋናው ቀለብ እነሱ በሆኑ ነበር። በ2017 የወጣ ጥናት የሳልፕ ዘመዶች የሆኑ ውሃ አጣሪ እንስሳት ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ሲያስቀሩ ሳር-11ን እንደሚያሳልፉ አረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በማነሳቸው ላይ ብቻ አላሳበቡም፤ የሕዋሳቸው ገጽ ከልጋጉ ጋር በቀላሉ አይጣበቅም ብለዋል።

ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አንዲት ባክቴሪያ ብቻዋን ወደ ጥልቁ አትሰጥምም ማለት ይቻላል፤ በሳልፕ ኩስ ውስጥ ታሽጋ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ትወርዳለች፣ ካርቦኗንም ይዛ ትሄዳለች። ሳልፕ ወደ ባሕር ወለል የምታወርደውን ካርቦን የሚገምት ባለሙያ ያጣራችውን ውሃ መጠን ብቻ ይዞ ማስላት አይበቃውም፤ በመረቧ ማን እንደቀረና ማን እንዳለፈ ለይቶ መቁጠር አለበት።