ባሕር በሌለበት መቐለ የጠላቂ ሰዓት

ሴይኮ ኤስኬኤክስ 007 በአውሮፓውያኑ 1996 ወጥቶ በ2019 ገደማ ምርቱ የቆመ የጃፓን የጠላቂ ሰዓት ነው። ባትሪ የለውም፤ እጃችሁ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለች ክብደት እየዞረች ስፕሪንጉን ታጠብቀዋለች። አሁን የሚገኘው ባብዛኛው ከሰው እጅ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ፦ የጎን ቁልፉን ፈታ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። የሰከንድ ቆጣሪው ቀጥ ካለ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቢምልም ማሽኑ ተቀይሯል። ከፋብሪካ የመጣው 7ኤስ26 ማሽን ሰከንድ አያቆምምና! መቀየሩ ጥፋት አይደለም፤ ብዙዎች ኤንኤች36ን ሆን ብለው ያስገጥማሉ። የኦሪጅናል ዋጋ መክፈል ነው ሞኝነቱ።

መስታወት ወይም ማሽን ለማስቀየር ሰዓቱ ሲከፈት ግን «200 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ዋስትና መሆኑ ያበቃል። ውኃ የሚከለክሉት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ አንዲት ፀጉር ከሥራቸው ከገባች በቃ። ጎማው ይቀየር፣ ሰዓቱም በግፊት መሣሪያ ይፈተሽ።

«እኛ የት እንጠልቃለን?» ትሉ ይሆናል። መቐለ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች እዚህ የተዘጋ ሰዓት የሚይዘው ሳሳ ያለ አየር ነው። ሰዓቱን አስራችሁ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ዳሎል ብትወርዱ፣ ውጭ ያለው አየር ሁለት ሜትር ውኃ ውስጥ የጠለቃችሁ ያህል ይጫነዋል። እጃችሁን ሳታረጥቡ!