ሳጥኑ ላይ «10,000 ዋት» ይላል፤ እውነት ነው? ሰብዉፈር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ከመካከላችን አንዱ ለወራት ብር አጠራቅሞ ትልቅ ሰብዉፈር ገዛ። ሳጥኑ ላይ በደማቁ «10,000 ዋት» የሚል ተጽፎበታል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዕቃውን ሳሎኑ ጥግ ላይ አስቀመጠ፣ ፊልም ከፈተና መሀል ያለው ሶፋ ላይ ዘና ብሎ ተቀመጠ። ግን ቤዙ የለም። ቮልዩም ጨመረ። አሁንም የለም። ደግሞ ጨመረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ከታች ያለችው ጎረቤት ናት፣ ሕፃን ታቅፋለች። «ኧረ ወንድሜ፣ በናትህ! ቤቱ እኮ ተንቀጠቀጠ» አለችው።

እሱ ያጣውን ቤዝ እሷ እየሰማችው ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ያስቃል፤ ግን ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው በዚሁ መንገድ ነው። «ትልቅ ዋት ማለት ጥሩ ቤዝ ማለት ነው» ብለን እንገዛለን። በተግባር ግን ቤዙን የሚወስኑት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዕቃው ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል? ክፍላችሁ ምን ዓይነት ነው? የት አስቀመጣችሁት? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

◾ መጀመሪያ ዋቱን እናጥራ

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ሶኬታችሁ 16 አምፔር የሚችል ቢሆን እንኳ፣ 220 ሲባዛ በ16 የሚሰጠው 3,520 ዋት ነው። ከአንድ ሶኬት ያለማቋረጥ መውሰድ የሚቻለው በቃ ይሄን ያህል ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ሰብዉፈሩ እውነት 10,000 ዋት ቢሆን ኖሮ ሦስት ምጣድ አንድ ላይ እንደመለኮስ ነበር፤ ቆጣሪው ይቅርና ማከፋፈያው ራሱ ይቀልጣል።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ «ፒኤምፒኦ» የሚባል አቆጣጠር ነው። ለቅጽበት ብቻ ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የሚገመት ቁጥር ነው፣ ሁሉም የሚስማማበት አለካክ የለውም፤ ፋብሪካው የፈለገውን ይጽፋል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ «አርኤምኤስ» የሚለውን ነው፦ ዕቃው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ይነግራችኋል። ሳጥኑ ላይ ከሌለ ዕቃውን አዙሩና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው የሚል ዕቃ ያለማቋረጥ 10,000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ያልገባ ከየት ይወጣል?

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ከ100 ወደ 200 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ልብ የሚለው፣ ግን ትንሽ ለውጥ ነው። ለጆሯችሁ «እጥፍ ጮኸ» እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በ200 እና በ250 ዋት መካከል ላለ ልዩነት ብዙ ብር አትጨምሩ።

◾ ዋናው ቁጥር ሄርዝ ነው

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል። የሰብዉፈር ሥራ የታችኛው ጫፍ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ ዝቅተኛው ድምፅ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ባለ አምስት ክር ከሆነ ወደ 31 ይወርዳል። የፒያኖ የመጨረሻው ቁልፍ 27.5 ነው። ፊልም ላይ ፍንዳታና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከዚህም በታች ይሄዳል።

ስለዚህ ስትገዙ «እስከ ስንት ሄርዝ ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ እስከ 40 በደንብ የሚወርድ ሰብዉፈር አብዛኛውን ዘፈን ይሸፍናል። ለፊልም ከሆነ ወደ 30 ወይም ከዚያ በታች የሚወርድ ብትፈልጉ ጥሩ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ፕላስ ማይነስ 3 ዴሲቤል» የሚል ምልክት ካለ ቁጥሩ ይታመናል። ከሌለ ግን «20 ሄርዝ» የተባለው ድምፅ በጭራሽ የማይሰማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ጋ የኢንቹ ጉዳይ ይመጣል። ከ40 ወደ 20 ሄርዝ ወርዶ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማውጣት አራት እጥፍ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስፋቱ ከባለ 8 ኢንቹ 2.25 እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ሳይጨናነቅ ይገፋል። ያም ሆኖ ሁሉም ሰው 12 ኢንች ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። በእኛ ግምት ለመኝታ ቤት ወይም ለጠባብ ሳሎን 8 ወይም 10 ኢንች ይበቃል። ሳሎናችሁ ሰፊ ከሆነና ፊልም የምታበዙ ከሆነ ወደ 12 ሂዱ።

◾ የተዘጋ ሳጥን ወይስ ቀዳዳ ያለው?

ሰብዉፈሮች በሳጥናቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ዙሪያውን የተዘጋው አነስ ይላል፣ ምቱም ቁጥብ ነው፤ ድም ብሎ ቶሎ ይቆማል። የከበሮ ምትና የቤዝ ጊታር ጣት ለይቶ መስማት ለሚወድ ሰው ይሄ ይመቻል። የአየር ማውጫ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ሳጥኑ ገዘፍ ይላል፣ በዚያው ዋት ግን ዝቅ ባለው ድምፅ ላይ የበለጠ ጉልበት አለው። ለፊልም ብዙ ሰው ይሄን ይመርጣል። ሁለቱንም የምታዩ ከሆነ የሚወስነው አሠራሩ ነው፤ በደንብ የተሠራ ባለ ቀዳዳ፣ ተልካሻ ከሆነ ዝግ ሳጥን ይበልጣል።

የመኪና ሰብዉፈር ቤት ውስጥ ለመግጠም ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። ይሠራል፣ ግን እወቁት፦ ጠባቡ የመኪና ውስጥ ራሱ ቤዙን ያጎላዋል፣ ዕቃውም ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው የሚሠራው። ሳሎን ስታስገቡት ያ እገዛ ይቀራል። መኪና ውስጥ ያስደነገጣችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ ቢለሰልስ አይግረማችሁ።

◾ ለፊልም የምትገዙ ከሆነ ፋይሉን እዩ

ቤዝ ብቻውን ተመልካች ሊጠራ እንደሚችል ሲኒማ ቤቶች ያወቁት ቆየት ብሏል። በ1974 እ.ኤ.አ. «ኧርዝኩዌክ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም ሲወጣ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ «ሴንሰራውንድ» የሚባል የድምፅ ዘዴ ይዞ መጣ። ዛሬ «5.1» ሲባል የምትሰሙት «ነጥብ አንድ» ለዚሁ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር ነው።

ችግሩ ምንድነው? ብዙዎቻችን ፊልም የምናየው ከስልክ ወይም ከፍላሽ፣ በሁለት መስመር ድምፅ ነው። ባለ 5.1 ፊልም ወደ ሁለት መስመር ሲቀየር ያ «ነጥብ አንድ» ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። በሌሎቹ መስመሮች ላይ ያለው ቤዝ አለ፤ ሲኒማ ቤት የሰማችሁት መንቀጥቀጥ ግን ሙሉ በሙሉ አይመጣም። ስለዚህ ውድ ሰብዉፈር ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት ነገር ድምፁ 5.1 መሆኑን፣ ማጫወቻችሁም ያንን ማውጣት መቻሉን አረጋግጡ። ካልሆነ ለሙዚቃ የሚሆን መካከለኛ ዕቃ ይበቃችኋል፣ የተረፈው ብር ኪሳችሁ ይቅር።

◾ ጎረቤት የሰማው፣ ባለቤቱ ያልሰማው ቤዝ

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የ40 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 8.6 ሜትር ነው፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል። ከግድግዳ ግድግዳ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየሄደ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ግድግዳው አጠገብ ይደራረብና ያብጣል፣ ልክ መሀል ላይ ግን ይሰረዛል። የቤዝ ጊታሩ 41 ሄርዝ ትዝ አላችሁ? እዚያው ሰፈር ነው። ጓደኛችን የተቀመጠው ቤዙ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ነበር። ቮልዩም ሲጨምር እሱ ጋ ብዙም አይለወጥም፤ ግድግዳውና ወለሉ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤትም ይሰማል።

መፍትሔው ብር አያስወጣም፦

1. ሰብዉፈሩን ለጊዜው የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት።
2. ቤዙ ደጋግሞ የሚመታ፣ በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ዝግ ባለ ድምፅ ክፈቱ።
3. ጎንበስ ብላችሁ በግድግዳው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። አንዳንዱ ቦታ ያጓራል፣ አንዳንዱ ቦታ ቤዙ ይጠፋል።
4. እያንዳንዱ የቤዝ ድምፅ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ አስቀምጡት።

ሰው ቢያያችሁ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። ሶፋውንም ከክፍሉ መሀል ወደ ኋላ 50 ሳንቲሜትር መግፋት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ድምፁን ያጎላል፣ ግን ብዙ ጊዜ እንዲያጓራ ያደርገዋል።

◾ ሁለቱ ቁልፎችና ቮልዩሙ

«ክሮስኦቨር» የሚለው ሰብዉፈሩ ከየት ጀምሮ ወደ ታች እንደሚሠራ ይወስናል። ከ80 ሄርዝ ጀምሩ። ከዚህ በታች ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል፣ ስለዚህ ቤዙ ከስፒከሮቹ የሚወጣ ይመስላል። ስፒከሮቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ ወደ 100 ወይም 120 ከፍ አድርጉት። የወንድ ድምፅ ከጥግ የሚያወራ ከመሰላችሁ ግን አብዝታችኋል፣ መልሱት። ሪሲቨር ካላችሁና ይህን ራሱ የሚሠራ ከሆነ፣ የሰብዉፈሩን ቁልፍ እስከ ጫፍ ክፈቱትና ሥራውን ለሪሲቨሩ ተዉለት።

«ፌዝ» የሚለውን 0 እና 180 እያደረጋችሁ ስሙ፣ ቤዙ ሞላ የሚልበት ላይ ተዉት። በመጨረሻ ቮልዩሙን ሰብዉፈሩ ጎልቶ እስኪሰማችሁ ጨምሩና ትንሽ መልሱት። በደንብ የተስተካከለ ሰብዉፈር መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

◾ ጎረቤትስ?

እውነቱን እንናገር። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእንቁላል ትሪ፤ አንዳቸውም ቤዝ አያቆሙም። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ብታደርጉ ወደ ወለሉ የሚሄደው ንዝረት ይቀንሳል፣ በአየር የሚሄደው ግን ይቀጥላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው መፍትሔ በትክክል ማስቀመጥና ሰዓት መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችሁን አንኳኩና «እስቲ ልክፈተው፣ ይረብሻል ወይ?» በሉ። የምትስማሙበትን ቮልዩም ምልክት አድርጉበት። በር ከመንኳኳቱ በፊት ማንኳኳት ይሻላል።

◾ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት

➤ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ጀርባውን አሳዩን በሉ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው። «100–240» ካለ ችግር የለም። «120» ብቻ ካለ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ በቀጥታ ሰክታችሁ ብታበሩት ይቃጠላል።

➤ «አክቲቭ» የሚባለው አምፕሊፋየሩ ውስጡ ነው። «ፓሲቭ» ከሆነ ለብቻው አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል፤ ዋጋውን ደምራችሁ አስቡ።

➤ የሳውንድባር ሽቦ አልባ ሰብዉፈር ብዙውን ጊዜ ከራሱ ሳውንድባር ጋር ብቻ ነው የሚሠራው። ለብቻው ሲሸጥ ካያችሁ ተጠንቀቁ።

➤ ያገለገለ ከሆነ ስፒከሩን በጣቶቻችሁ ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። የሚፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ ተዉት። ዙሪያው ያለው ጎማ ወይም ስፖንጅ መሰንጠቁንም እዩ። ምንም ሳይሰካበት ሲበራ የሚያጓራ ከሆነ አትውሰዱት።

➤ የምታውቁትን ዘፈን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በከፈተላችሁ ዘፈን አትወስኑ፤ ዕቃውን የሚያሳምር ዘፈን መርጦ ነው የሚከፍትላችሁ።

➤ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ አምፕሊፋየር ይገድላል።

ጓደኛችንስ? ሰብዉፈሩን ከጥግ አንስቶ በግድግዳው በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል አራቀው፣ ሶፋውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ቮልዩሙን በግማሽ ቀነሰ። አሁን ቤዙን ይሰማል። ጎረቤቲቱም ከዚያ ወዲህ የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ቡና ልትጠራው። የ«10,000 ዋቱ» ሳጥን ዛሬ ጫማ ማስቀመጫ ሆኗል።

ሰብዉፈር ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ሳይከፍል አሁኑኑ ሼር አድርጉለት።